የእሳት እራቷን ቤት ማዛወር፦ ከኤሴክስ ባሕር ዳርቻ የአንድ ዓመት የሥራ ማስታወሻ

ኦክቶበር 12፣ ቅዳሜ ማታ (ጥቅምት 2)

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሃምፎርድ ወተር ደረስን። ቦታው በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኤሴክስ፣ ዎልተን ኦን ዘ ኔዝ ከምትባል ትንሽ የባሕር ከተማ ጀርባ ነው። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል የቦረቦረው ጨዋማ ረግረግ ነው፤ መሐሉ ላይ ትናንሽ ደሴቶች አሉት። ስድስት ነን። ቦቲ ተጫምተን፣ ባትሪ ይዘን፣ ባሕሩን ለመገደብ ከተሠራው የአፈር ካብ ጥግ ጥጉን ይዘን ሣር እያየን እንሄዳለን።

የምንፈልገው አንዲት የእሳት እራት ነው። የፊሸር የእሳት እራት እላታለሁ። ቤን ፊሸር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1968 እዚሁ ዎልተን አካባቢ አገኛት። ከዚያ በፊት እንግሊዝ ውስጥ መኖሯን ያወቀ አልነበረም። የሳይንስ ስሟ ጎርቲና ቦሬሊ ነው፤ የዚህ አገሯ ደግሞ ሉናታ የሚል ተጨማሪ ስም አላት።

ሕጉን መጀመሪያ ነገሩን። በሕግ የምትጠበቅ ስለሆነች ያለ ፈቃድ መያዝም ማወክም ክልክል ነው። ፈቃድ ያላት መሪያችን ብቻ ናት። የእኛ ሥራ ባትሪ ማብራት፣ ማየት፣ መቁጠር ነው።

ሃያ ደቂቃ እንደሄድን አንድ ብርቱካንማ ነገር ሣር ላይ አየሁና ተጣራሁ። መሪያችን ጎንበስ ብላ አየችና «ዘመዷ ነው» አለች። በጣም የምትመስላት፣ ግን አነስ ያለች፣ በየቦታው የምትገኝ ሌላ የእሳት እራት አለች። የሷ ልጆች የሚያድጉት እሾህ ባላቸው አረሞች አገዳ ውስጥ ነው። ሁለቱ የሚበሩት በተቀራራቢ ወቅት በመሆኑ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

እውነተኛዋን ያገኘናት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ረጅም ደረቅ ሣር ላይ፣ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብላ። ክንፎቿን እንደ ሣር ቤት ክዳን ወደ ግራና ቀኝ አዘቅዝቃለች። ተዘርግተው ቢለኩ ከጫፍ ጫፍ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ቀለሟ ሙሉ በሙሉ የደረቀ ሣር ነው፤ ቡናማ፣ ትንሽ ወርቃማ። ክንፏ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ። አንድ ሰው በመርፌ ጫፍ ወተት እየነከረ ያስነካት ትመስላለች።

ዝም ብላ የተቀመጠች መስሎኝ ነበር። ከዚያ የሆዷን ጫፍ አየሁት። የሣሩ ቅጠል አገዳውን እቅፍ ከሚያደርግበት ስንጥቅ ውስጥ አስገብታ እየገፋች ነው። እንቁላል እየጣለች ነበር። በተርታ፣ አንዱን ከአንዱ አስጠግታ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። መሪያችን ባትሪዋን ወደ መሬት ዝቅ አደረገች፤ እኛም ተከተልናት።

የዛሬ ቆጠራ፦ ሦስት። ሁለት ወንድ፣ አንድ ሴት።

ኦክቶበር 20፣ እሑድ

ዛሬ ሥራው ቤት ነው። ኮልቼስተር ውስጥ ያለችው ጠባብ በረንዳዬ ላይ አርባ የችግኝ ፕላስቲክ ደረደርኩ። በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ዘር።

ይህች የእሳት እራት በዚህ አገር ልጆቿን የምታሳድገው በአንድ ተክል ብቻ ነው። እንግሊዞቹ «የአሳማ እንስላል» ይሉታል። የምንወደው እንስላል የቅርብ ዘመድ ነው፤ ድንብላልና ካሮትም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ፣ ቁመቱ ሰው የሚያክል፣ አበባው ቢጫ። ሥሩ ወፍራምና ጥልቅ ነው። ሥሩን ሲቆርጡት የሚወጣው ሽታ ግን ከእንስላል ጋር አይገናኝም፤ ክብሪት የተጫረበት ክፍል ይሸታል። የቀድሞ ሰዎች የድኝ ተክል ብለውታል። እውነታቸውን ነው።

ተክሉ ራሱ ብርቅ ነው። በእንግሊዝ የሚገኘው በኤሴክስና በኬንት ባሕር ዳርቻዎች ብቻ ነው። የሷም ካርታ ከዚያ አይወጣም። ትልቁ መኖሪያዋ ሃምፎርድ ወተርና አካባቢው ነው። ሌላው ከቴምዝ ወንዝ አፍ ማዶ፣ ሰሜን ኬንት፣ ዊትስተብል አጠገብ ታንከርተን በሚባል ተዳፋት ነው፤ እዚያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። በቃ፣ ሁለት ቦታ። በአውሮፓ ምድር ከፈረንሳይ እስከ ሀንጋሪና ከዚያም ወዲያ አለች። እዚያ ግን ከባሕር የራቀ የሜዳ ሣር ውስጥ ነው የምትኖረው። ባሕር የመውደድ ጠባይ የላትም ማለት ነው። እዚህ የባሕር ዳር ሰው ያደረጋት ተክሉ ነው።

ዘሩ ብርድ ካላገኘው አይነቃም። ስለዚህ ክረምቱን በረንዳው ላይ ያሳልፋል። ካበቀለ በኋላም አበባ እስኪያወጣ ዓመታት ይጠይቃል። ጥድፊያ የማይሆን ሥራ ነው፤ እኔም ለዚህ ነው የወደድኩት።

ኖቬምበር 16፣ ቅዳሜ (ኅዳር 7)

መጥፎ ቀን። መጻፍ ስላለብኝ ነው የምጽፈው።

ከባሕሩ ወደ ውስጥ ራቅ ብሎ፣ አንድ አዛውንት ገበሬ የእሳት እራቷን ቤት ከባሕሩ ለማራቅ ለተያዘው ፕሮጀክት የለቀቁት ረጅም ጠባብ መሬት አለ። ከስድስት ዓመት በፊት የአሳማ እንስላል ተተከለበት። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ተራብተው ያደጉ የእሳት እራቶች ተለቀቁበት። የእኛ ቡድን የሚጠብቀው ይህንን ነው።

ዛሬ ስንደርስ በመንገዱ በኩል ያለው ግማሽ ታጭዷል። ልክ እንደ ኳስ ሜዳ። ሣር እንዲያጭድ የተቀጠረ አንድ ድርጅት የመንገዱን ዳር ሲያጭድ አልፎ ገብቶ ነው። ገበሬው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። ቃል አልወጣቸውም።

ለምን እንዲህ እንደሚያም ላስረዳ። እንቁላሉ ያለው ተክሉ ላይ አይደለም፤ ሣሩ ላይ ነው። ከመስከረም ጀምሮ እስከ ሚያዝያ፣ ግንቦት ድረስ እዚያው ደረቅ አገዳ ላይ ተጣብቆ ይከርማል። ስለዚህ እሷ ሁለት ነገር ትፈልጋለች፦ ለልጆቿ ሥር፣ ለእንቁላሏ ከዚያ ሥር አጠገብ የቆመ ረጅም ሣር። አንዱ ከሌለ ሌላው ዋጋ የለውም። ይህን በደንብ ያሳየው ዞኢ ሪንግዉድ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከባልደረቦቿ ጋር ያደረገችው ጥናት ነው። ከዚያ በፊት ትኩረቱ ተክሉ ላይ ነበር። ሣሩን ያስተዋለው ጥቂት ሰው ነው።

ሣር ደግሞ ሰው አይምረውም። ረጅም ሣር ሲያይ «እዚህ ቦታ ሰው የለም እንዴ» ይላል። የታጨደ ሣር የንጽሕና ምልክት ነው። በዚያ ንጽሕና ውስጥ አንድ ሙሉ ትውልድ ተጠርጎ ሊሄድ ይችላል። ይህን ለማንም ሰው ቆሜ አስረዳለሁ፤ ደግሜ ደጋግሜ።

ያደረግነው ይህን ነው። የታጨደውን ሣር በመንሽ ሰብስበን፣ ሳናርቅ፣ በየተክሉ ግርጌ አስቀመጥነው። ተክሉ ራሱ በዚህ ወቅት ከላይ ደርቋል፤ ሕይወቱ ከመሬት በታች ነው፤ ማጨጃው አልጎዳውም። መሪያችን «እንቁላሎቹ ከደረቀው አገዳ ጋር እዚህ ከቀሩ አንዳንዱ ሊፈለፈል ይችል ይሆናል» አለች። እየሰበሰብን አንዱን አገዳ በማጉያ መነፅር አየሁት። ቅጠሉን በጥፍሯ ትንሽ ገለጥ አደረገችልኝ። አሥራ አንድ እንቁላል፣ በአንድ ረድፍ፣ የተሰፋ ዶቃ ይመስላል። መልሳ ከደነችው።

በዳሩ ላይ አሥራ አራት እንጨት ተከልን፤ በእያንዳንዱም «ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ አይታጨድም» የሚል ጽሑፍ ሰቀልን።

ጃንዋሪ 31፣ ዓርብ (ጥር 23)

ዛሬ ሥራ የለም፤ ግን ቀኑን ማለፍ አልፈለግሁም። እ.ኤ.አ. በ1953 በዚህች ሌሊት ነው የሰሜን ባሕር የኤሴክስን ካቦች ጥሶ የገባው። በእንግሊዝ 307 ሰው ሞተ። ካንቪ በምትባለው ደሴት ብቻ ከ50 በላይ። በሆላንድ ደግሞ ከ1,800 በላይ። እዚህ አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ያወሩታል።

የኛ የእሳት እራት ታሪክም ከዚህ ባሕር አይለይም። የአሳማ እንስላሉ ሃምፎርድ ወተር ላይ የቆመው ከካቡ ጀርባ፣ ከባሕሩ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ከባሕሩ ከፍታ ብዙም ሳይበልጥ ነው። ካቡ ከተደረመሰ ጨዋማ ውኃ ይገባል። ሥሩ ያንን አይችልም። ባሕሩ እየጨመረ ነው፤ የደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ መሬት ደግሞ ቀስ በቀስ እየሰመጠ ነው። ሁሉንም ካብ ለዘላለም ማደስ አይቻልም። አንዳንዱ ይለቀቃል።

እሷ ራሷ ትሂድ እንዳንል፣ ሩቅ የምትበር አይደለችም። ተክሉም ዘሩን ከግርጌው ብዙ አያርቅም። ስለዚህ ባሕሩ ሳይቀድም ሰው ቤቷን ወደ ውስጥ፣ ወደ ከፍታው ማዛወር አለበት። የፕሮጀክቱ አሳብ ይኸው ነው። የመንግሥት የአካባቢና የተፈጥሮ መሥሪያ ቤቶች፣ ተመራማሪዎችና የኮልቼስተር መካነ እንስሳት አብረው ያዙት። መካነ እንስሳቱ እያራባ፣ ገበሬዎች መሬት እየለቀቁ፣ ሌላው እየተከለ። ሃምፎርድ ወተርም ታንከርተንም ለሷ ሲባል በአውሮፓ ሕግ ልዩ ጥበቃ የሚደረግላቸው ቦታዎች ሆነዋል። እንግሊዝ ከኅብረቱ ስትወጣም ጥበቃው በአገሩ ሕግ ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኔዝ ገደል ሄጄ ቆምኩ። እ.ኤ.አ. በ1720 ለመርከበኞች ምልክት የተሠራው የጡብ ማማ አሁንም አለ። ገደሉ ግን በአማካይ በየዓመቱ ሁለት ሜትር ያህል እየተናደ ወደ ማማው እየቀረበ ነው። ጭቃው ባሕር ዳር ላይ እንደ ፈሰሰ ሊጥ ተኝቷል። ፎቶ አነሣሁ።

ማርች 29፣ ቅዳሜ (መጋቢት 20)

በረንዳው ላይ ሃያ ሦስት በቅለዋል! ከአርባው ሃያ ሦስት። ሁለት ሁለት ቀጫጭን ቅጠል፣ ድንብላል ሲበቅል እንደሚያወጣው። ለቤት የሚሆን ሌላ ዜና የለኝም።

መሬቱ ላይ ያሉት ትልልቆቹ ደግሞ ከሥራቸው አዲስ ቅጠል አውጥተዋል። ባለፈው ዓመት ያሳደግናቸውን አሥራ ስምንት ችግኞች ተከልን። አፈሩ የለንደን ሸክላ የሚሉት ነው። ሲረጥብ ቦቲ ያወልቃል፣ ሲደርቅ አካፋ አያስገባም። ዛሬ በመሐሉ ነበር፤ ዕድለኞች ነን። ችግኙ ገና ጣት ቢያክልም ሥሩ ረጅም ስለሆነ ጉድጓዱ ክንድ ያህል መሆን አለበት። ጫፉ ከታጠፈ ይቀጭጫል።

በእያንዳንዱ ዙሪያ የዶሮ ሽቦ አቆምን። ጥንቸል የመጀመሪያ ዓመት ችግኝ ካገኘ ከመብላት አይመለስም።

ሜይ 4፣ እሑድ (ሚያዝያ 26)

ዝናብ ጠፍቷል። ጸደዩ በሙሉ ፀሐይ ነው። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ እኔ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከገበሬው ጉድጓድ በጀሪካን ውኃ እናመላልሳለን። ከአሥራ ስምንቱ አራቱ ሞቱ። ሁለቱን ጥንቸል ሽቦውን ከሥር ፈልፍሎ በላቸው፤ ሁለቱ ደረቁ።

እንቁላሎቹ የሚፈለፈሉት እነዚህን ሳምንታት ነው። ትሉ ሲወጣ የክር ቁራጭ አያክልም። ከሣሩ ወርዶ ተክሉን ፈልጎ አገዳውን ይበሳል። ከአገዳው እየበላ ወደ ታች፣ ወደ ሥሩ ይገባል። ከዚያ በኋላ ማንም አያየውም። ስለዚህ አሁን የሚታይ ነገር የለም፤ መጠበቅ ብቻ።

ማታ እማዬ ደወለች። ወሎ ናት። የምሠራውን ስነግራት፦

«ብል ነው እንዴ? ጋቢ የሚበላው?»

«አይ እማዬ፣ የእሳት እራት ናት። ትሏ የተክል ሥር ውስጥ ነው የሚኖረው።»

«አገዳ ቆርቁር በለኛ! ማሽላውን ልቡን በልቶ የሚያደርቀው። እኛ እሱን ለማጥፋት ስንለፋ አንተ ታራባለህ?»

እውነቷን ነው፣ ሥራቸው ይመሳሰላል። ከማሽላና ከበቆሎ አገዳ ቆርቁሮች አንዱ ዋነኛው፣ ተምችም ጭምር፣ ከዚህችው የእሳት እራት ቤተሰብ ናቸው። አገዳ መብሳትና ከውስጥ መብላት የዘር ሙያቸው ነው። ልዩነቱን ነገርኳት፦ የኛ አገሩ የሰውን እህል ይበላል፤ ይህችኛዋ ማንም የማይፈልገውን ተክል ብቻ። ያኛው የትም አለ፤ ይህችኛዋ በዚህ አገር የቀራት ሁለት ቦታ ነው።

ትንሽ ዝም አለችና «ሁለት ቦታ ብቻ?» አለች። «እንግዲያስ ያሳዝናል። በርታ ልጄ።»

ጁላይ 26፣ ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

የዓመቱ ትልቁ ቀን። የኩስ ቆጠራ።

ትሉ ሥር ውስጥ ሲበላ ቆሻሻውን ወደ ውጭ ይገፋል። ሐምሌ ላይ በተክሉ ግርጌ ክምር ሆኖ ይታያል። ይህን በማየት ብቻ ትል እንዳለ ይታወቃል፤ መቆፈር የለም፣ መንካት የለም። እማዬም ማሽላው ላይ የምታየው ምልክት ይኸው ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀመርን። በጉልበት ተንበርክኮ፣ ሣሩን በሁለት እጅ ከፈል አድርጎ፣ ግርጌውን ማየት። አንድ ተክል፣ ቀጥሎ ሌላ። ሙቀቱ ከባድ ነው። አበቦቹ ቢጫ ጃንጥላ ሆነው ከራሴ በላይ ተዘርግተዋል፤ ዝንብና ንብ ሞልቶባቸዋል።

ያልታጨደው ግማሽ ላይ ሃያ ሰባተኛው ተክል ሥር አየሁት። እርጥብ ሰጋቱራ። አናጢ ቤት ደጃፍ የሚገኝ ዓይነት፤ ነጣ ያለ፣ ጫፉ ቡናማ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሚሞላ። አሸተትኩት። ያው የክብሪት ሽታ። አፈሩ ሦስት ሳምንት ዝናብ ያላየ ነው፤ ኩሱ ግን እርጥብ ነው። ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው ማለት ነው። እዚህ ከእጄ በታች፣ ሥሩ ውስጥ፣ አሁን እየበላ ነው።

መሪያችንን ጠራኋት። አይታ ምንም አላለችም፤ ትከሻዬን ያዘችኝ።

ማታ ላይ ስንደምረው፦ ያልታጨደው ግማሽ ላይ ዘጠኝ ተክል ኩስ አለው። የታጨደው ግማሽ ላይ ምንም። አንድም የለም። ተክሎቹ ያው ናቸው፣ አፈሩ ያው ነው፣ ፀሐዩ ያው ነው።

ይህን ወረቀት ለሣር አጫጁ ድርጅት እንልካለን ተባለ። ቁጥሩን በራሴ እጅ ገለበጥኩት።

ኦገስት 23፣ ቅዳሜ (ነሐሴ 17)

አጭር ማስታወሻ። ዘሩ እየበሰለ ነው፤ ግማሹን ለቀምን፣ ግማሹን ለመሬቱ ተውን። ትሎቹ በዚህ ሰሞን መብላት አቁመው ሥሩ ውስጥ ወይ አጠገቡ ተኝተው ክንፍ የሚያበቅሉበት ነው። እሾሃማውን ቁጥቋጦ ከዳር ዳር ቆረጥን፤ ካልተቆረጠ ሣሩንም ተክሉንም ያፍናል። በረንዳዬ ላይ ከሃያ ሦስቱ ሃያ አንዱ በሕይወት አሉ።

ድርጅቱ መልስ ሰጥቷል። አንድ ሰው መጥቶ መሬቱን አየ። እንቁላሉ የት እንደሚቀመጥ በደረቅ አገዳ አሳየሁት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣውና «ይሄን ለሾፌሮቹ አሳያለሁ» አለ።

ሴፕቴምበር 27፣ ቅዳሜ ማታ (መስከረም 17፣ የመስቀል ዕለት)

ትናንት ለንደን ደመራ ላይ ነበርኩ። እሳቱ ሲነድ አንዲት ትንሽ የእሳት እራት ጢሱ ዳር ስትዞር አየሁና ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ስሟን ያወጣላት ሰው ይህን ሲያይ ነው። ወደ ብርሃን መጥታ የእሳት እራት ስትሆን።

ዛሬ ማታ ደግሞ መሬቱ ላይ ነን። አራት ብቻ። ነፋስ የለም፣ ጨረቃዋ ገና ማጭድ ናት። ሣሩ በዚህ ዓመት ጉልበት አልፎ ወገብ ደርሷል፤ በታጨደውም በኩል ተመልሶ አድጓል። እንጨቶቻችን አሥራ አራቱም ቆመዋል።

ያልታጨደው ግማሽ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት አየን። ሦስት ወንድ፣ አንድ ሴት። አንዱ ክንፉ ገና ለስላሳ ነበር፤ ከመሬት የወጣው ዛሬ መሆን አለበት። የተክሉን ደረቅ አገዳ ይዞ ክንፉን እያደረቀ።

ወደ መኪናው ስንመለስ በታጨደው በኩል ነው የሄድነው። እዚያ የምንፈልገው ነገር አልነበረም፤ መንገዱ ስለሚያሳጥር ነው። ባትሪዬ ከእንጨት ቁጥር ዘጠኝ አጠገብ አንድ አገዳ ላይ አረፈ። ነጫጭ ነጠብጣብ።

መሪያችን ቀስ ብላ መጣች። ተንበረከከች። ሴት ናት። የሆዷን ጫፍ ከቅጠሉ እቅፍ ውስጥ አስገብታለች።

ባትሪውን ወደ መሬት ዝቅ አደረግሁ። ሰዓቱን ጻፍኩ፦ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር። እንጨት ዘጠኝ፣ የታጨደው ጎን፣ አንድ ሴት፣ እንቁላል በመጣል ላይ።